የታች ቤቱ ባለመሬት

ሄዘል ፓስኮ ፖስታውን ከጀርባዋ ደብቃ የታች ቤቱን በር አንኳኳች። ሌስሊ ዊትኮም የቁርስ ፍርፋሪ ሹራቡ ላይ እንዳለ ብቅ ሲል፣ ከማለዳ ጀምራ ስታጠናው የነበረው ንግግር ሁሉ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ።

“የቆሻሻ በርሜሉ ዛሬ ነው እንዴ የሚወጣው?” አለችው።

“ነገ ነው። ሁልጊዜም ዓርብ ነው እኮ፣ ሄዘል።”

“አዎ፣ ለካ ዓርብ ነው። ተምታታብኝ።”

“የዚህ ሳምንት ተራው የአረንጓዴው በርሜል ነው።”

“አረንጓዴው። ጎሽ፣ እንኳን ነገርከኝ።”

ሁለቱም ሰማዩን አዩ። ሰማዩ የሰፈራቸው የካትፎርድ ሰማይ ነው፤ ከትናንቱ የተለየ ነገር አልነበረውም።

“ሊዘንብ ነው መሰለኝ” አለ ሌስሊ።

“ሊዘንብ ይመስላል” አለች ሄዘል። ከዚያ ምስጋና አቅርባ፣ ለምን እንዳመሰገነች ለራሷም ሳይገባት፣ በጎን በኩል ባለው በሯ ገብታ የእንጨቱን ደረጃ መውጣት ጀመረች። በየደረጃው ሁለቱንም እግሯን እያሳረፈች፣ መደገፊያውን ጨብጣ፣ አንዴም ቆም ብላ ጉልበቷን እያሸች ወጣች። ላይ ስትደርስ ፖስታውን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ወረወረችውና “ደደብ!” አለች። ፖስታውን አይደለም የሰደበችው።

ሄዘል ድፍረት የሌላት ሰው ሆና አይደለም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ የእንግዳ መቀበያ መስኮት ላይ ተቀምጣ፣ ሳል የያዘውንም፣ ሳል የያዘው የመሰለውንም፣ ሳል የሚይዘው እንዳይሆን የሰጋውንም “ዛሬ ቀጠሮ የለም፣ ነገ ጠዋት ይደውሉ” እያለች ስትመልስ የኖረች ሴት ናት። በሰፈሩ ያን መስኮት ያልፈራ ሰው አልነበረም። ግን ያ ሥራ ነው። ይሄ ደግሞ ጎረቤት ነው፤ ያውም በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት መፍቻውን ይዞ ወጥቶ፣ ሳይጠየቅ የቤት ማሞቂያዋን አየር የሚያስተነፍስላት ጎረቤት። ሌስሊ ዕድሜውን የጋዝ ቧንቧ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ገንዘብ ልስጥህ ብትለው ጆሮው ድረስ ይቀላል።

ችግሩ ይህ ሰው ባለመሬቷ መሆኑ ላይ ነው። ሄዘል የላይኛውን ቤት ገዝታዋለች፤ ገዝታዋለች ሲባል ግን የገዛችው ዓመታቱን ነው። ግንቡም፣ ግንቡ የቆመበት መሬትም የሌስሊ ነው። የሊዙ ዘመን ሲያልቅ ቤቱ ተመልሶ የባለመሬቱ ይሆናል። ዘመኑ እንግዲህ ከመቶ በላይ ሆኖ ጀመረና በየዓመቱ እየተሸረሸረ ሰማንያ ላይ ደረሰ። ሰማንያ ዓመት የቀረው ቤት ሰባ አንድ ዓመት ለሞላት ሴት ምን ያንሳታል? ለሷ አያንሳትም። የሚያንሰው ቤቱን ሸጣ ልጇ አጠገብ ለመሄድ ስላሰበች ለገዢዎቿ ነው፣ ለገዢዎቿ ባንክ ነው። ሕጉ ደግሞ ሰማንያውን እንደ አጥር ቆጥሮታል። ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ ሊዙን ለሚያራዝም ሰው ዋጋው የሚቻል ነው፤ አንድ ቀን ወዲያ ከተሻገረ ግን ባለመሬቱ ከቤቱ ዋጋ ላይ ተጨማሪ ድርሻ ይወስዳል፣ ሂሳቡም ከጡረተኛ አቅም ይወጣል። ያቺ አንድ ቀን ነገ ናት።

ሄዘል ይህንን የሰማችው ዛሬ አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ልትጠይቅ ስታስብ የሌስሊ ሚስት ኦድሪ ታመመች፤ የታመመ ሰው ቤት ሄዶ ስለ ሊዝ ማውራት ነውር ነው ብላ ተወችው። ኦድሪ ስትሞት ደግሞ ሐዘን ቤት ሆነ። ሐዘኑ ቀዝቀዝ ሲል ገና ደረሰ፤ በገና ስለ ገንዘብ አይወራም። ከገና በኋላ ሌስሊ ጉንፋን ያዘው። ከጉንፋኑ ሲያገግም ኦድሪ የተወለደችበት ሳምንት ሆነ። ሄዘል በየጊዜው “አሁን ጊዜው አይደለም” ስትል፣ ጊዜው እሷን ሳይጠብቅ ሄደ። ይሉኝታ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ይነገራል፤ የሄዘልን ግን ሊያፈርስ የነበረው በሕግ አግባብ፣ በቀን ተቆርጦ ነው።

ከኦድሪ ጋር ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይከብድም ነበር። ድሮ የመሬቱ ባለቤት ሞቶ ወራሾቹ ለሁለቱም ቤቶች “መሬቱን ግዙት” ሲሉ፣ ሄዘል ከባሏ የተፋታችበት ዓመት ነበርና እንኳን ለመሬት ለመጋረጃም አልነበራትም። እነ ኦድሪ ብቻቸውን ገዙት። “ለእኛ ምንም ለውጥ የለውም” ብላት ነበር ኦድሪ፣ “እንደ ድሯችን ነን።” እንደ ድሯቸውም ኖሩ። በውሉ ላይ የተጻፈውን ዓመታዊ የመሬት ኪራይ አንድ ቀን ጠይቀዋት አያውቁም። በምትኩ ሄዘል በየጥር ወሩ ከመራራ ብርቱካን የምትሠራውን ማርማላታ አንድ ብልቃጥ ታወርድላቸዋለች። ኦድሪ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ታየውና፣ “የዘንድሮው ኪራይ ቀጠን ብሏል፣ ሌስ፣ ከቤቱ እናስወጣት ይሆን?” ትላለች። ሦስቱም ይስቃሉ። ሲስቁ ሲስቁ ስለ ሊዙ በቁም ነገር አንድ ቀን ሳይነጋገሩ ቀሩ።

ስልኩ ጮኸ። ጠበቃዋ ወይዘሪት ቻውድሪ ነበረች።

“ወይዘሮ ፓስኮ፣ ሰጡት?”

“ልሰጠው ነው።”

“ትናንትም ‘ልሰጠው ነው’ ብለውኝ ነበር።”

“አሁን እኮ ወርጄ ነበር። በሩንም ከፍቶልኝ ነበር።”

“ታዲያስ?”

“ስለ ቆሻሻ በርሜል አወራን።”

ጠበቃዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። ሰው ላለመሳቅ ወይም ላለመጮህ ሲታገል እንዲህ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

“ይስሙኝ” አለች በኋላ። “ዋጋው የሚሰላው ፖስታው ውስጥ ያለው የሊዝ ማራዘሚያ ማስታወቂያ ባለመሬቱ ዘንድ በደረሰበት ቀን ነው። ዛሬ ከደረሰው ተርፈዋል። ነገ ከደረሰው እኔም አልደርስልዎትም፣ ዳኛም አይደርስልዎትም።”

“ሌስ ክፉ ሰው አይደለም። አልፎም ቢሆን ብጠይቀው እኮ...”

“በዛሬው ዋጋ አራዝምልሻለሁ ብሎ የጻፈልዎት ነገር አለ?”

“እኛ እንዲህ ያለውን ነገር ተጻጽፈን አናውቅም።”

“በቃልስ?”

“በቃልም አንስተነው አናውቅም።”

“እንግዲያው በሞተር ብስክሌት የሚያደርስ ሰው ልላክ። ምሳ ሰዓት ላይ እዚያ ይደርሳል፣ ሰጥቶ ይመለሳል፣ እርስዎም ከቤትዎ አይወጡም።”

“ሚስቱን ከቀበረ ዓመት ያልሞላው ሰው በር ላይ የራስ ቁር ያጠለቀ ጎረምሳ አትልኪበትም!” አለች ሄዘል። “እኔው ራሴ እሰጠዋለሁ፣ የኔ ልጅ። እኔው ነኝ የምሰጠው።”

“ሲደርሰው ይደውሉልኝ” አለች ወይዘሪት ቻውድሪ። “ቢሮ ሳልዘጋ።”

ስልኩን እንዳስቀመጠች ከመንገዱ በኩል የጎማ ድምፅ ሰማችና በመስኮት ወደ ታች አየች። ሌስሊ አረንጓዴውን በርሜሉን እየጎተተ ወደ አጥሩ በር ያወጣ ነበር። የራሱን ካቆመ በኋላ ተመልሶ ሄዶ የሷንም አመጣው፤ ከጎኑ አስተካክሎ አቆመና እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። ነገ የሚወጣውን ዛሬ ያወጣው ስለጠየቀችው ነው። ሄዘል ከመስኮቱ ሸሸች። “አሁንስ በዛ” አለች ለራሷ። “እንዲህ ለሚያደርግ ሰው ነው የጠበቃ ወረቀት የምወስደው?”

ለምሳዋ በቲማቲም የተሠራ ባቄላ የተጠበሰ ዳቦ ላይ አድርጋ አቀረበች፤ ግማሹን ተወችው። ልጇ ኬሪ ከኖርዊች ከተማ የደወለችው ሳህኑን ስታጥብ ነው።

“እማዬ፣ ሰጠሽው?”

“ምሳ እየበላ ይሆናል።”

“እማዬ!”

“ሰው ምሳው ላይ እያለ...”

“ከምሳ በኋላ ደግሞ ‘ይተኛ ይሆናል’ ትያለሽ። ቤትሽን ሊገዙ የመጡት ባልና ሚስት እኮ ነግረውሻል፤ ሊዙ ካልተራዘመ ባንኩ ብድር አይሰጠንም ብለዋል። ቤቱን የሚገዛሽ ካጣሽ እዚህ ያገኘሁልሽን ቤት በምን ልንገዛው ነው? ደረጃ የሌለው፣ ከእኔ በር ሁለት መታጠፊያ ብቻ የሚርቅ ቤት፤ እንደሱ ያለ ሌላ ታገኛለሽ?”

“አውቃለሁ፣ ኬሪ።”

“ባለፈው ብርድ ደረጃው ላይ ወድቀሽ ማን አነሳሽ?”

“ሌስ ነው ያነሳኝ።”

“እሱ ባይኖርስ ኖሮ?”

“ነበረ እኮ። ችግሩም እሱ ነው፣ ልጄ፤ ሁልጊዜ አለ።”

ኬሪ ተነፈሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አንቺ ለሁሉም ሰው ስታስቢ ትኖሪያለሽ” አለች። “እኔ ግን ሌሊት ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረጃው ነው የሚታየኝ። ይሄንንም አስቢልኝ።”

ሄዘል ስልኩን አስቀመጠች። እጇን አደራረቀች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ ለአንድ በር ርቀት ካፖርት እንደማያስፈልግ እያወቀች ቁልፎቹን ሁሉ ቆለፈች። ፖስታውን በዚህ ጊዜ አልደበቀችውም። ከፊት ለፊቷ በሁለት እጇ ይዛው ወረደች።

ሌስሊ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ፖስታውን ነው። አይቶም ያላየ መሰለ።

“ማንቆርቆሪያው አሁን ገና ፈላ” አለ። “ግቢ።”

ገባች። እንግሊዝ አገር ሻይ ፈልቷል ከተባለ በኋላ ሌላ ነገር መናገር የሚቻለው ሻዩ ከተቀዳ ወዲያ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱ እንደ ድሮው ንጹሕ ነበር። ሬዲዮው ላይ አንድ ሰው ስለ ጽጌረዳ አገራረዝ ይናገራል። ሌስሊ ጀርባውን ሰጥቷት ወተቱን ፈለገ፤ ወተቱ ፊቱ ነበር።

“ይሄንን ጣቢያ አትወደውም አልነበር?” አለችው።

“እጠላዋለሁ” አለ ሌስሊ። ኦድሪ ነበረች የምትሰማው። አልዘጋውም።

ብስኩት አወጣ። የማሞቂያዋ ድምፅ እንዴት እንደሆነ ጠየቃት፤ ደህና ነው አለችው። የማዶዋ ድመት የሱን አትክልት መኖሪያዋ እንዳደረገችው ነገራት፤ ያሳዝናል አለችው። ልጁ ስቱዋርት ቅዳሜ እንደሚመጣ ነገራት፤ ደስ ይላል አለችው። ስቱዋርት ከወንዙ ማዶ የቤት ደላላ ነው፤ ሁልጊዜ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሰውን ሲጨብጥ የቤቱን ጣሪያ የሚያይ። ሻዩ እየቀዘቀዘ መጣ። የጽጌረዳው ሰውዬ ስለ ተክል ቅማል ማውራት ጀመረ።

ሄዘል ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ሌስሊ ገፋችው።

ሌስሊ ሁለቱንም እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገ።

“እሱን ከእጅሽ መቀበል አልችልም፣ ሄዘል።”

“ምን እንደሆነ ሳታየው?”

“ምን እንደሆነ አውቃለሁ።” አይኑን ከሻዩ አልነቀለም። “ስቱዋርት ነግሮኛል። ‘እስከ ዓርብ ድረስ የላይ ቤቷ ሴትዮ ምንም ብትሰጥህ አትቀበል፣ ምንም አትፈርም፣ ከተቻለም አትገናኝ’ ብሎኛል። ቃል አስገብቶኛል።”

ሄዘል መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ቀስ እያለ ገባት። ከፋሲካ ወዲህ እንደ ወትሮው ለሻይ አልጠራትም ነበር። በአጥሩ በር ስትገባ ካየ ወደ ጓሮ ይዞራል። እሷ ሐዘን ነው ብላ ነበር። ሰው ሲያዝን ብቻውን መሆን ይፈልጋል ብላ፣ ጭራሽ ላለመረበሽ በእግር ጣቷ ስትራመድ ከርማለች።

“ታውቅ ነበር” አለች። “ቀኑን ታውቅ ነበር።”

“አዎ።”

“እኔ እኮ ስላዘንክ ነው ብዬ ነው! ሁለት ዓመት ሙሉ ‘አሁን አይመችም፣ አሁን አይመችም’ እያልኩ፣ እንዳላስቀይምህ ብዬ... አንተ ቀኑ እስኪያልፍ ትቆጥርብኝ ነበር?”

በሰው ቤት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም። ከፍ ስታደርገው ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። ሌስሊ ሬዲዮውን ዘጋው።

“ለመክበር አይደለም” አለ። “ጡረታዬን ታውቂዋለሽ። ስቱዋርት የሚለው፣ ከላይ ቤት የሚገኘው ጭማሪ ኋላ አቅም ሲያንሰኝ ለሚረዳኝ ሰው ደሞዝ ይሆናል ነው። አለዚያ ቤቱን ሸጬ የአረጋውያን ማቆያ መግባቴ ነው። እኔ ከዚህ መውጣት አልፈልግም፣ ሄዘል። ኦድሪ የሞተችው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።”

“እኔ ደግሞ እዚያ ላይ መሞት አልፈልግም” አለች። “ደረጃው ላይ ወድቄ፣ አንተ እስክትሰማኝ እየጠበቅኩ።”

“እሰማሻለሁ።”

“አሁን ትሰማኛለህ። ነገስ? ሰባ ስምንት ዓመትህ ነው፣ ሌስ። ባለፈው እንኳን ልታነሳኝ መጥተህ ሁለታችንም ደረጃው ላይ ተቀምጠን ቀረን እኮ።”

ሌስሊ ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ሳቁ አልመጣም። ብስኩቱን ለሁለት ሰበረ፣ የሰበረውን ሳይበላ ሳህኑ ላይ መለሰው።

“ስቱዋርት ያላወቀው አንድ ነገር አለ” አለ። “ለሱ አልነገርኩትም። ዓርብ ከገባ መሸጥ እንደማትችይ ሲነግረኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ገንዘቡን አይደለም። ‘እንግዲያው አትሄድም’ ነው ያልኩት። እግርሽ ከላይ ኮቴውን ሲያሰማ ነው እኔ ጠዋት የምነሳው። ኦድሪ ከሄደች ወዲህ በዚህ ቤት ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም። መሄድሽን አልፈልግም። ይኸው ነው።”

 የሄዘል ንዴት አልጠፋም፤ ግን የሚያርፍበት ቦታ አጣ። ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ራሱ ይህን ያህል ነገር ተናግሮ አያውቅም። በቀብሩ ቀን እንኳን ያለው “ሰው ብዙ መጣ” ብቻ ነበር። እጁን ልትይዘው አሰበች። የሷም የሱም አስተዳደግ እንዲህ ያለውን አልለመደም፤ የስኳር ዕቃውን ወደሱ ጠጋ አደረገችለት።

“እኔም እኮ ደስ ብሎኝ አይደለም የምሄደው” አለች።

“ታዲያ እስከ ሰኞ ታገሺኝ” አለ ሌስሊ ፈጠን ብሎ፣ ወደሷ ቀና ብሎ። “ሰኞ። ቅዳሜ ስቱዋርት ሲመጣ እነግረዋለሁ። ቀኑ አለፈ አላለፈ ብለን ሳንጨነቅ በዛሬው ዋጋ እንጨርሰዋለን። በጠበቃ ሳይሆን እንደ ሰው። ቃሌን እሰጥሻለሁ።”

የምትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። “ምን ችግር አለው፣ ሌስ፣ ሰኞ ይሁን፣ አትጨነቅ” ልትል። ዕድሜ ልኳን ያለችው ይሄንን ነው፤ ለባሏ፣ ለልጇ፣ ለኦድሪ፣ ለሁሉም። ብትለው አሁኑኑ ሁለቱም ይቀላቸዋል፣ ሻዩም እንደገና ይቀዳል። የሌስሊን ፊት አየች። የሚዋሽ ፊት አልነበረም። ሰኞ እንደሚያደርገው ከልቡ አምኖ ነው የሚናገረው። በሱና በሰኞ መካከል ግን ቅዳሜ አለ። ቅዳሜ ደግሞ የስቱዋርት ነው፤ አባቱን ከፋሲካ ጀምሮ ጓሮ ለጓሮ ያስኬደ ልጅ ነው።

“አይሆንም” አለች።

“ሄዘል...”

“አይሆንም፣ ሌስ። አንተን አምንሃለሁ። ግን ለልጅህም ቃል ሰጥተሃል፣ ለኔም ልትሰጠኝ ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ መጠበቅ አትችልም። ዛሬ ነው መድረስ ያለበት። ብትቀየመኝም ዛሬ ነው። ዋጋው ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ነው፤ ከሚገባህ አንዲት ሳንቲም አልቀንስብህም። ቀኑን ግን አላሳልፍም።”

 ሌስሊ ፖስታውን አየው፣ ሳይነካው። ከዚያ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ውጪ ዝናቡ ጀምሯል።

“ልጄ ነው” አለ ወደ መስኮቱ። “ያለኝ እሱ ነው። ከእጅሽ ምንም አልቀበልም ብዬዋለሁ። አይኑን እያየሁ ነው ያልኩት።”

“ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?”

ሌስሊ ዞሮ በመተላለፊያው በኩል ወደ መግቢያው በር አየ።

“በሩ ላይ ባለው የፖስታ ቀዳዳ የሚጣልብኝን ማንም ሊከለክለው አይችልም” አለ በመጨረሻ። “ፖስተኛውን ‘አትጣል’ ልለው አልችልም። የፒዛ ቤቱንም ወረቀት፣ ጣሪያ እንጠግናለን የሚሉትንም አልከለክልም። ወለሉ ላይ ያገኘሁትን አነሳለሁ እንጂ ማን ጣለው ብዬ አልጠይቅም። ከዚያ ውጪ እኔ ምንም አላየሁም፣ አንቺም ዛሬ ሻይ ጠጥተሽ ሄድሽ።”

ሄዘል አየችው። ከዚያ ፖስታውን አነሳች። ካፖርቷን ከወንበሩ ላይ ወስዳ ለበሰች፤ እሱም ኮሌታዋ ስለታጠፈ አስተካከለላት። በመተላለፊያው ተከትሏት መጥቶ በሩን ከፈተላት።

“ስለ ሻዩ አመሰግናለሁ፣ ሌስ።”

“ኧረ ምንም አይደል።”

በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ሄዘል ዝናቡ ውስጥ ሆና ወደ በሩ ዞረች። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት ውሻዋን እየጎተተች አልፋ፣ “አልከፈቱልሽም?” በሚል አስተያየት አየቻት። ሄዘል ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈገግ አለችላት፣ ጎንበስ ለማለት ደግሞ የበሩን ፍሬም ያዘች። ቀዳዳው ዝቅ ያለ ነው። ጉልበቷ ተንቋቋ።

የቀዳዳው የነሐስ ክዳን ጠንካራ ነበር። በአንድ እጇ ወደ ውስጥ ስትገፋው ተመልሶ ጣቷን ነከሳት፤ ፖስታውን በሌላው እጇ ስታስጠጋ ጫፉ ታጠፈ። እንደገና ሞከረች። ወረቀቱ በዝናቡ እየረጠበ ነው። ድፍን የሆነውን በር እያየች፣ “እባክህ” አለች፤ ለማን እንዳለች አላወቀችም።

ክዳኑ ከውስጥ በኩል ተነሳ።

በቀዳዳው ውስጥ የሌስሊን ጣቶች አየች፤ ዕድሜ ልካቸውን ቧንቧ ያጠበቁት፣ አሁን ክዳኑን ወደ ላይ የያዙት ጣቶች። ፊቱ አይታይም። ሄዘል ፖስታውን ቀስ ብላ አስገባችው፣ እስከ መጨረሻው ጠርዝ ድረስ ገፋችው፣ ለቀቀችው።

ወለሉ ላይ ሲወድቅ ለመስማት ጎንበስ እንዳለች ጠበቀች። አልወደቀም፤ ከውስጥ በእጁ ተቀብሎታል።